ቀይ ተብሎ የተገዛው ለምን አረንጓዴ ሆነ? ስለ ዝንብ አጥማጅ ተክል ዓይነቶች የቀረበ ጥያቄና ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት አንባቢ ከስምንት ወር በፊት ሦስት የቬነስ ፍላይትራፕ ተክሎች፣ በቅጠላቸው ጫፍ ባለው ባለጥርስ ወጥመድ ነፍሳትን የሚይዙ ተክሎች፣ ገዝተዋል። ካርዶቻቸው ላይ ‹አካይ ርዩ›፣ ‹ቢ-52› እና ‹ሶቱዝ› ተብሎ ተጽፏል። «የመጀመሪያው ከላይ እስከ ታች ቀይ፣ ሁለተኛው ግዙፍ፣ ሦስተኛው ጥርሱ እንደ መጋዝ የተሸራረፈ ነው ተብዬ ነበር። ዛሬ ካርዶቹን ነቅዬ ብደባልቃቸው ራሴም አልለያቸውም። ሁሉም አረንጓዴ ናቸው፤ ወጥመዳቸውም ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ሳሎን ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፤ የማጠጣቸውም አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን የቧንቧ ውሃ ነው። አንድ ወዳጄ ብረት ያለበት ማዳበሪያ ቅላቱን ያወጣዋል ብሎኛል። ተጭበርብሬ ይሆን? ወይስ የቀዩንና የግዙፉን ዘር ገዝቼ እንደ አዲስ ልጀምር?»

ማዳበሪያውን አይጨምሩ፤ ዘሩንም አይግዙ። መጭበርበርዎንና አለመጭበርበርዎን ዛሬ ላይ ሆኖ የሚፈርድ ሰው ቢያገኙ አይመኑት፤ ተክሎቹ ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሁኔታ ገና አልተሟላላቸውም። በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የተሳሳቱ ግምቶች አሉ። ካርዱ ላይ የተጻፈው ስም መልኩን በራሱ ያመጣዋል ብለው ገምተዋል፤ ውሃን ማፍላት ከማዕድን ያጠራዋል ብለው ገምተዋል፤ ከዘር የሚበቅለው እናቱን ይመስላል ብለውም ገምተዋል። ሦስቱም ሐሰት ናቸው፤ ያለ ጥፋታቸው የሚጣሉ ተክሎች አብዛኞቹ የሚጣሉትም በእነዚሁ ግምቶች ምክንያት ነው።

ቬነስ ፍላይትራፕ አንድ ዝርያ ብቻ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ዲዮኔያ ሙሲፑላ ይባላል፤ በወገኑ ውስጥ ወንድምም እህትም የለውም። በተፈጥሮ የሚበቅለውም በአንድ አካባቢ ብቻ ነው፤ በአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ ካሮላይና ግዛቶች የባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ፣ በዊልሚንግተን ከተማ ዙሪያ። መሬቱ አሸዋማና ረግረጋማ ሲሆን የጥድ ዛፎቹ የተራራቁ ናቸው። አልፎ አልፎ የሚነሣ ሰደድ እሳት ቁጥቋጦውን ስለሚበላው ፀሐይ መሬት ድረስ ትወርዳለች። አፈሩ በንጥረ ነገር እጅግ ድሃ በመሆኑ ተክሉ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱን የሚያገኘው ነፍሳትን አጥምዶ ነው። የብርድ ወራት ሲመጡ ደግሞ ቅጠሉን አሳጥሮ ይተኛል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ ሜዳ የተቀዳ ነው። ብዙ ፀሐይ፣ ጨው የሌለበት ውሃ፣ ድሃ አፈር፣ ብርዳማ ዕረፍት፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ቀዩም ግዙፉም ባለመጋዝ ጥርሱም አንድ ዓይነት ከሲታ አረንጓዴ ተክል ይሆናሉ። የእርስዎም ሦስቱ የተመሳሰሉት በዚህ ነው።

ስለ ስሞቹ ላስረዳ። በዱር ያሉት ተክሎች እንኳን እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። የአንዱ የወጥመድ ውስጥ ደማቅ ቀይ ነው፤ የሌላው ሐምራዊ ይነካካዋል፤ የሌላው ቢጫ ለበስ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። አርቢዎች ከእነዚህ መካከል፣ ወይም ካዳቀሏቸው ችግኞች መካከል፣ ልዩ ሆኖ ያገኙትን አንድ ተክል መርጠው ስም ያወጡለታል። ከዚያ በኋላ በዚያ ስም የሚጠራ ተክል ሁሉ ከዚያው ከመጀመሪያው ተክል ተከፍሎ የመጣ፣ የእሱ አካል የነበረ መሆን አለበት። ‹ቢ-52› የሚባል ተክል ካለዎት፣ እውነተኛ ከሆነ፣ ያ ተክል የመጀመሪያው ‹ቢ-52› ቁራጭ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ስሞችን የሚመዘግበው ዓለም አቀፉ የሥጋ በል ተክሎች ማኅበር ነው፤ ስሙ የጸና የሚሆነውም ተክሉን ከሌላው የሚለይ መግለጫ ታትሞ ሲወጣ ነው። ገበያ ላይ ግን ያልተመዘገቡ የቁልምጫ ስሞችም ሞልተዋል። አንዳንዶቹ መልካም ተክሎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሻጩ ትናንት ማታ ያወጣቸው ስሞች ናቸው። የእርስዎ ሦስቱም በአርቢዎች ዘንድ በሚገባ የታወቁ ስለሆኑ በዚህ በኩል ችግር የለም።

አንድ ስም በጨዋታ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1760 ስለዚህ ተክል በደብዳቤ ጽፎ ወደ እንግሊዝ የላከው የሰሜን ካሮላይና ገዥ አርተር ዶብስ ነበር። በስተርጅናው ያገባት ልጅ እግር ሚስቱ ጀስቲና ዴቪስ ትባል ነበር። ዛሬ ‹ጀስቲና ዴቪስ› የተባለ ፍላይትራፕ አለ፤ ቀይ ቀለም የሚባል ፈጽሞ አይወጣውም፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ቢመታውም አረንጓዴ ነው። ይህን ያነሣሁት ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ‹ጀስቲና ዴቪስ› አረንጓዴ መሆኑ የሚታወቀው በኃይለኛ ፀሐይ ሥር ነው፤ በጥላ ሥር ሁሉም ‹ጀስቲና ዴቪስ› ይመስላል። ሳሎንዎ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው።

ቅላቱን የሚሰጠው አንቶሲያኒን የተባለ ቀለም ነው። ይህን ቀለም ለመሥራት ተክሉ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ቀለሙን የሚያሠራ የዘር ውርስና የሚያስገድድ ብርሃን። ውርሱ የጣሪያውን ከፍታ ይወስናል፤ ብርሃኑ ተክሉ ወደዚያ ጣሪያ ምን ያህል እንደሚጠጋ ይወስናል። ተራው ተክል በሙሉ ፀሐይ ሥር የወጥመዱ ውስጥ ይቀላል፣ ውጪው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ‹አካይ ርዩ›፣ በጃፓንኛ ‹ቀይ ዘንዶ› ማለት ነው፣ በዚያው ፀሐይ ሥር ወጥመዱ ከውስጥም ከውጭም፣ የተሸከመው ቅጠልም ጭምር እንደ ደረቀ ደም ይጠቁራል። ከአውስትራሊያ የመጣው ‹ሮያል ሬድ›ም ከዚሁ ወገን ነው። ብርሃኑን ሲነፍጉት ግን ‹አካይ ርዩ› እየደበዘዘ ቡናማ ለበስ አረንጓዴ፣ ከዚያም አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ ቀለሙን ጣለ እንጂ ማንነቱን አልጣለም፤ ፀሐይ ላይ ሲመልሱት አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ቀይ ይሆናሉ። «አዲስ የሚወጡት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጥላ ውስጥ ያደገ ቅጠል ሙሉ ቀለሙን እምብዛም አያገኝም፤ ስለዚህ ተክሉን ፀሐይ ላይ አውጥቶ በሳምንቱ «ምንም አልተለወጠም» ማለት የችኮላ ፍርድ ነው።

የብረቱ ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የደም ቅላት ከብረት ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ የተክልም ቅላት ብረት ይፈልጋል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። አንቶሲያኒን ግን ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ እንጂ ብረት የለበትም። ብረቱ ቅላት ሳይጨምር አብሮት ያለው ማዳበሪያ ሥሩን ያቃጥላል። የዚህ ተክል ሥር ከድሃ አፈር ጋር የተላመደ ነው፤ ለጽጌረዳ መድኃኒት የሆነው ለእሱ መርዝ ነው። ይህን በጥብቅ እላለሁ፤ አፈሩ ላይ ምንም ዓይነት ማዳበሪያ፣ የእንስሳት ፍግም ሆነ ብስባሽ፣ በጭራሽ አይጨምሩ።

ብርሃን ማለት ምን ያህል ነው? ቢያንስ በቀን ስድስት ሰዓት ቀጥታ የሚመታ ፀሐይ፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። «መስኮት አጠገብ» የሚለው አነጋገር የብዙ ሥጋ በል ተክሎች የሞት ምክንያት ነው። ሰው ዓይኑ ብርሃንን ቶሎ ስለሚለምድ ሳሎኑ ብሩህ ይመስለዋል፤ ተክሉ ግን ብርሃኑን የሚያገኘው ከአንድ ወገን ብቻ ነው፣ ሰማዩም አይታየውም። በረንዳ፣ ጣሪያ ወይም ግቢ ካለዎት ያውጧቸው፤ ግን በአንድ ቀን አይደለም። ስምንት ወር ጥላ የለመደ ቅጠል ድንገት ሲወጣ ይቃጠላል። በመጀመሪያው ቀን የማለዳ ፀሐይ አንድ ሰዓት ያህል ይስጧቸው፤ ከዚያ እየጨመሩ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ሙሉ ፀሐይ ላይ ያድርሷቸው። ጥቂት አሮጌ ቅጠሎች መጥቆራቸው አይቀርም፤ መሐል ላይ የሚወጣው አዲስ ቡቃያ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ አይጨነቁ። ውጪ የማውጣት ዕድል ከሌለዎት ኃይለኛ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከላይ ቀጥ አድርጎ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ማብራት ይሠራል። የጠረጴዛ መብራት ግን አይበቃም። ብርሃኑ ብዙ ሆኖ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ቅላቱ ይበልጥ ይጎላል፤ ቀይ ተክል ያላቸው ሰዎች ብርድ ሊገባ ሲል የሚያነሷቸው ፎቶዎች እጅግ የሚያምሩት ለዚህ ነው። እርስዎም የገዙት እንዲህ ያለ ፎቶ አይተው ሊሆን ይችላል።

ስለ ቀያዮቹ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፍጹም ቀይ የሆነ ተክል ብዙ ጊዜ ከአረንጓዴ ወንድሙ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ በእንክብካቤ ጉድለትም ቶሎ ይጎዳል። ለጀማሪ የመጀመሪያው ተክል ‹አካይ ርዩ› እንዲሆን አልመክርም። ግን እጅዎ ገብቷልና ከሦስቱ ብዙ ፀሐይ የሚያገኘውን ቦታ ለእሱ ይስጡት።

ወደ መጠን እንሂድ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከቀለሙ ይልቅ ውስብስብ ነው። የተራው ተክል ጎልማሳ ወጥመድ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ይሆናል። ‹ቢ-52› በደንብ ሲያዝ 5 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ አንዳንዴም ያልፈዋል። በቁጥር ሲታይ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ጎን ለጎን ሲያዩት ግን አንዱ ዝንብ፣ ሌላው ተርብ የሚውጥ አፍ ነው። ለዚያ መጠን የሚበቃው ግን ጎልማሳ ተክል ነው። ቲሹ ካልቸር በተባለው የላቦራቶሪ ማባዣ ወጥቶ ገና በጣት የሚለካ ሆኖ የተሸጠ ‹ቢ-52› ወጥመዱ የጥፍር ያህል ቢሆን ምንም አያስገርምም፤ ሁለት ወይም ሦስት የዕድገት ወቅት ይፈልጋል። ከቲሹ ካልቸር የወጡ ተክሎች በላቦራቶሪው ውስጥ ከተሰጣቸው የዕድገት ሆርሞን የተነሣ ለተወሰነ ጊዜ ብዙ ትናንሽ ቡቃያዎችን አንድ ላይ ያወጣሉ፤ ወጥመዳቸውም የዓይነታቸውን መልክ አይይዝም።

ይህ ብዙ ቡቃያ የማውጣት ነገር ብዙዎች የማያስተውሉት የትንሽነት ምክንያት ነው። ማሰሮው ሞልቶ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ግን እዚያ ያለው አንድ ትልቅ ተክል ሳይሆን አምስት ወይም ስድስት የሚሻሙ ትናንሽ ተክሎች ናቸው። ነጩ የምድር ውስጥ ግንድ ሲከፋፈል ኃይሉም አብሮ ይከፋፈላል። ትልቅ ወጥመድ የሚፈልግ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዕረፍቱ አልቆ አዲስ ቅጠል ሊወጣ ሲል፣ ተክሉን ነቅሎ የየራሳቸው ሥር ያላቸውን ቡቃያዎች መለየትና እያንዳንዱን ለብቻው መትከል አለበት።

ወቅትም መጠኑን ይለውጠዋል። ከዕረፍት እንደነቃ የሚያወጣቸው ቅጠሎች ሰፊና መሬት ለመሬት የተኙ ናቸው፤ ወጥመዳቸውም መለስተኛ ነው። ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ የብዙዎቹ ቅጠል ይቀጥንና ሽቅብ ይቆማል፤ ትልልቆቹ ወጥመዶች የሚወጡት ያኔ ነው። በጥላ ያለ ተክል ደግሞ ኃይሉን ሁሉ ብርሃን ፍለጋ ላይ ያውለዋል፤ ቅጠሉ ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ ይልፈሰፈሳል፤ ጫፉ ላይ ያለው ወጥመድ ግን ያንሳል። አበባም የመጠን ጠላት ነው። የአበባው አገዳ ከ15 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከፍ የሚለው አበባውን የሚጎበኙት ነፍሳት ወጥመድ ውስጥ እንዳይገቡ ነው፤ ብልሃቱ ግሩም ቢሆንም ለደካማ ተክል ከባድ ወጪ ነው። ዘር የማይፈልጉ ከሆነ አገዳው 5 ሴንቲሜትር ሳይሞላ ይቁረጡት። የተቆረጠውን አይጣሉት፤ ስፋግነም ሞስ በተባለው ውሃ አዛይ የረግረግ ተክል ላይ፣ እርጥብ እንደሆነ፣ ቢሰኩት አንዳንዴ ከሥሩ አዲስ ቡቃያ ያወጣል።

ምግብስ? ነፍሳት ማጥመድ ዕድገትን ይጨምራል፤ ውጪ የተቀመጠ ተክል ግን የራሱን ድርሻ ራሱ ያገኛል። ቤት ውስጥ ከሆነ በወር አንድ ወይም ሁለት ወጥመድ ማብላት በቂ ነው። የሚሰጡት ነፍሳት ከወጥመዱ ሲሶ መብለጥ የለበትም፤ ካለፈ ወጥመዱ ዳርና ዳሩን በደንብ ስለማይገጥም ይበሰብሳል። የሞተ ነፍሳት ከሰጡ ወጥመዱ ከተዘጋ በኋላ ቀስ አድርገው በጣት ማሸት ይኖርብዎታል፤ በወጥመዱ ውስጥ ያሉት ቀስቃሽ ፀጉሮች ደጋግመው ካልተነኩ ተክሉ ምግብ መኖሩን አያምንም፣ ማፍጫውንም አያመነጭም። ሥጋና አይብ አይስጡ። ለእንግዳ እያሳዩ በእንጨት እየነካኩ መዝጋትም ይቅር። ወጥመዱ በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲነካ ይዘጋል፤ ያለ ምግብ በተዘጋ ቁጥር ግን ኃይል ያባክናል፤ አንድ ወጥመድም በዕድሜው የሚዘጋው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ይህን ምክር ማስፈጸም ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቀለምና መጠን በየራሳቸው የሚወረሱ መሆናቸውንም ልብ ይበሉ። ‹ፔቲት ድራጎን› ቀይ ነው፣ ግን ጎልምሶም ትንሽ ነው። ‹ቢ-52› ግዙፍ ነው፣ ግን ውጪው አረንጓዴ ሆኖ ውስጡ ብቻ ይቀላል፤ ሙሉ ቀይ እንዲሆን የሚጠብቅ ሰው ተክሉን ያለ ጥፋቱ ይከሰዋል።

ሦስተኛው ተክልዎ፣ ‹ሶቱዝ›፣ የጥርስ ቅርፅ ልዩነት ካላቸው ወገን ነው። በዚህ ወገን ‹ዴንቴት› ጥርሱ አጭርና ባለሦስት ማዕዘን ነው፤ ‹ሬድ ፒራኛ› አጭር ጥርስንና ቅላትን አዋህዷል፤ ‹ከፕድ ትራፕ› የሁለቱ ከንፈሮቹ ጫፎች ተያይዘው እንደ ጽዋ ይሆናሉ። የእነዚህ ጠባይ ከቀለምም ከመጠንም ይልቅ ተለዋዋጭ ነው። ‹ፊውዝድ ቱዝ› ለምሳሌ በወቅቱ መጀመሪያ እንደ ተራ ተክል ጥርሱ ለየብቻ ይወጣል፤ እርስ በርሱ የሚጣበቀው ሙቀቱ ሲበረታ ነው። በማያውቅ ሰው እጅ «ይህ የውሸት ነው» ተብሎ ስንት ጊዜ ተጥሏል! ከዚህ በተጨማሪ በቲሹ ካልቸር ሲባዙ አንዳንዶቹ ልዩ ቅርፃቸውን ጥለው ወደ ተራው ይመለሳሉ፤ በተቃራኒው ደግሞ ከእነዚሁ ላቦራቶሪዎች አዳዲስ እንግዳ ቅርፆች የወጡበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከሦስቱ ካርዶች በእውነት የምጠራጠረው ቢኖር ይህን ነው፤ እሱንም ቢሆን አንድ ሙሉ ወቅት ሳይጠበቅ አይፈረድበትም።

አሁን ውሃው። ውሃ ሲፈላ ተሐዋስያን ይሞታሉ፤ ማዕድን ግን አይሞትም። ጥቂት ኖራ ከማንቆርቆሪያው ግርጌ ይጣበቅ ይሆናል፤ ሌላው ጨው ሁሉ ግን እዚያው ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን ይበረታል። እርስዎ ለስምንት ወር ያጠጡት ለዚህ ተክል ከተራው የቧንቧ ውሃ የማይሻል ውሃ ነው። የሚያስፈልገው የዝናብ ውሃ፣ ዲስቲልድ ውሃ (እንፋሎቱ ተመልሶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ) ወይም ሪቨርስ ኦስሞሲስ በተባለው ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ነው። በውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ካገኙ በሊትር ከ50 ሚሊግራም በታች ሲያሳይ ጥሩ ነው፤ እስከ 100 ድረስ ተክሉ ይታገሣል። የታሸገ የማዕድን ውሃ ከስሙም እንደሚታየው ለዚህ አይሆንም። ማሰሮውን ዝርግ ሳህን ላይ ያስቀምጡትና ሳህኑ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ውሃ ይኑር፤ ሲያልቅ ይሙሉት።

ውሃውን መለወጥ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የስምንት ወሩ ጨው አፈሩ ውስጥ ተቀምጧል። አፈሩን ይለውጡት። ማዳበሪያ ያልተጨመረበት ፒት (በረግረግ መሬት የተጠራቀመ የዕፅዋት ቅሪት) እና ፐርላይት (በሙቀት የተነፋ ቀላል ነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እኩል በእኩል ተደባልቆ በንጹሕ ውሃ ይራስ። የከረጢቱን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ለአትክልት ተብለው የሚሸጡ ብዙ የፒት ከረጢቶች ማዳበሪያ ተጨምሮባቸዋል። በፐርላይት ፈንታ የታጠበ ነጭ የኳርትዝ አሸዋ ይሆናል፤ የባሕር ዳር አሸዋ ግን ጨውም ኖራም ስላለበት አይሆንም። ማሰሮው ቢያንስ 12 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ፕላስቲክ ይሁን፤ ያልተለበጠ የሸክላ ማሰሮ በጊዜ ብዛት ማዕድን ይለቃል።

ዕረፍቱን ደግሞ የሚረሱት ብዙዎች ናቸው። ተክሉ በዓመት ሦስት ወር ያህል ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ቀኑም አጭር በሆነበት ሁኔታ መተኛት አለበት። ሲተኛ ቅጠሉ ያጥራል፣ ይጠቁራል፤ ሞተ ብለው አይጣሉት፤ የምድር ውስጡ ግንድ ነጭና ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ሕያው ነው። ወቅት የማይለዋወጥበት አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ማቀዝቀዣን ይጠቀማሉ፦ ተክሉን ከአፈሩ ያወጣሉ፣ የጠቆረውን ቅጠል ያነሣሉ፣ በትንሹ እርጥብ በሆነ ስፋግነም ሞስ ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ላይ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ያቆዩታል። ሻጋታ እንዳይዘው በየሁለት ሳምንቱ ማየት ግዴታ ነው። ዕረፍት ያላገኘ ተክል በመጀመሪያው ዓመት ደህና ይመስላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው እያነሰ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል። «ግዙፉ ተክሌ በየዓመቱ ትንሽ ሆነ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ የተኛው መቼ ነው የሚል ነው።

ስለ ዘሩ። ‹አካይ ርዩ›ን ከራሱ ጋር እንኳን ቢያዳቅሉት ልጆቹ ‹አካይ ርዩ› አይደሉም። አንዳንዶቹ ይቀላሉ፣ አንዳንዶቹ ይደበዝዛሉ፤ ሁሉም ግን አዲስ ተክሎች ናቸው እንጂ በእናታቸው ስም አይጠሩም። ስለዚህ «የ‹ቢ-52› ዘር» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሲበዛ የ‹ቢ-52› ልጆችን፣ ሲያንስ ምንነቱ የማይታወቅ ዘር እየሸጠ ነው። ከዘር የተነሣ ችግኝ ለአቅመ ጎልማሳነት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ሰማያዊ፣ ጥቁር ወይም ባለቀስተ ደመና ፍላይትራፕ የሚያሳይ ፎቶ ካዩ ደግሞ ወሬውን እዚያው ያቁሙ፤ እንዲህ ያለ ተክል የለም። ፎቶው በኮምፒውተር የተቀባ ነው፤ የሚላክልዎ ዘርም የሣር ወይም የሌላ ተክል ዘር ሊሆን ይችላል። ራስዎ አዳቅለው ያልታወቀ መልክ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ከዚህ ሥራ የማገኘው ትልቁ ደስታ እሱ ነው፤ ትዕግሥትና ብዙ ማሰሮ ብቻ ይጠይቃል። ያለዎትን ዓይነት እንዳለ ማባዛት ከፈለጉ ግን መንገዱ ግንዱን መክፈል፣ ወይም አንድ ቅጠል ከነነጩ መሠረቱ ወደ ታች ስቦ አውጥቶ እርጥብ ስፋግነም ሞስ ላይ ማስቀመጥ ነው።

እንግዲህ የማዝዝልዎ ይህ ነው። ምንም አዲስ ተክል አይግዙ። በዚህ ሳምንት አፈሩንና ውሃውን ይለውጡ፤ ተክሎቹ ከነቀላው ሲያገግሙ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው፣ ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ ያውጧቸው። የሚቀጥለውን የብርድ ዕረፍት ያሳልፏቸው፤ ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው የሙቀት ወቅት አጋማሽ ላይ ይመርምሯቸው። ምርመራው ትክክለኛ እንዲሆን ስም የሌለው አንድ ተራ ፍላይትራፕ ከወዳጅ ተውሰው አጠገባቸው ያስቀምጡ፤ ውሃውም ፀሐዩም አንድ ይሁን። ያኔ ‹አካይ ርዩ› የወጥመዱ ውጪና የቅጠሉ አካል ካልቀላ ‹አካይ ርዩ› አይደለም። ‹ቢ-52› ግንዱ አንድ ሆኖ፣ ሳይከፋፈል፣ ከተራው ጎልቶ ካልበለጠ አንድ ተጨማሪ ዓመት ይስጡት፤ ከዚያ በኋላም እኩል ከሆኑ ካርዱ ዋሽቷል። ‹ሶቱዝ› ረጅም፣ ለየብቻ የቆመ ጥርስ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ወይ ወደ ተራው መልክ ተመልሷል ወይ መጀመሪያም ‹ሶቱዝ› አልነበረም፤ ለእርስዎ ሁለቱም አንድ ነው። ሻጩን መጠየቅ የሚችሉትም ያኔ ነው፤ ፎቶና ቀን ይዘው።

ወደፊት ሲገዙ ተክሉ ተባዝቶ የተሸጠ እንጂ ከዱር የተነቀለ አለመሆኑን ይጠይቁ። በሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ፍላይትራፕን ከዱር መስረቅ ከባድ ወንጀል ነው፤ ዓለም አቀፍ ንግዱም ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚመራው በሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ሥር ቁጥጥር ይደረግበታል። ከዱር የተነቀለ ተክል ባለስም ዓይነት ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ካርድ ለጥፎ የሚሸጠው ሰው ሁለት ጊዜ አጥፍቷል።

ካርዶቹን ደግሞ አሁኑኑ በእርሳስ ደግመው ይጻፏቸው፤ የብዕር ቀለም በፀሐይ በአንድ ወቅት ይጠፋል። እኔ ስማቸው የደበዘዘባቸው ሰባት ማሰሮዎች አሉኝ፤ ሁሉም ያማሩ ተክሎች ናቸው፣ ለማንም ግን በስማቸው ልሰጣቸው አልችልም።